ሙቀቱን ያልሰማ እግር

ታላቅ ወንድሜ ከነዶ ክምር ላይ በጀርባው የወደቀው በታኅሣሥ ነው፤ እኔ ወረታ ትምህርት ቤት የገባሁ ዓመት። አባቴ ከታች ሆነው ነዶ ይቀበሉት ነበር። ወንድሜ እንደ ተዘረረ፣ «አባዬ፣ እግሬ የት ሄደ?» አለ። በእኛ አገር የወደቀን ሰው አያስተኙም፤ ደም ይረጋበታል ይባላል። አባቴም በብብቱ ሥር ገብተው አቆሙት። «ርገጥ! በርታ እንጂ!» ይሉታል። እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈ። ደግመው አቆሙት።

የተጠራው ወጌሻ ጀርባውን ዳብሶ፣ «አጥንቱ ደኅና ነው። የተኮማተረው ጅማቱ ነው። ወንዛዬ ውሰዱት፤ ፍል ውሃው ያፍታታዋል» አለ። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ቀለል አለን። ወንድሜን በቅሎ ላይ አስቀምጠው፣ አንድ ጎረቤት ከኋላ አቅፎት ሄድን። እኔና እናቴ ስንቅ ተሸክመን በእግር ተከተልን።

ፍል ውሃው ዘንድ የወንዶች ተራ ሲሆን እኛ ሴቶቹ ከድንጋይ ካቡ ውጭ ተቀምጠን ጠበቅን። ጫጫታው ይሰማናል። እግሩን የነከረ ሁሉ «ኧረ ተቃጠልሁ!» እያለ ይወጣል። የወንድሜ ድምፅ ግን የለም። አንድ ሽማግሌ፣ «እናንተ እንደ ወላድ ትጮኻላችሁ፤ ይኼን ልጅ እዩት እንጂ! ከምን ተሠራ ጃል?» አሉ።

«ከኔ ነዋ!» አሉ አባቴ፤ ሳቁም። ልጃቸው ከወደቀ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔም ደስ አለኝ፤ ሙቀቱን ከቻለ ሊድን ነው አልሁ። ወዲያው አባቴ፣ «ወደ ውሃው ዐይን አስጠጉት፣ ከሚፈላበት ዘንድ» ሲሉ ተሰማ። እዚያ ብዙ አቆዩት።

ከወጣ በኋላ እናቴ እግሩን ስታደርቅ ቆዳው ከጨርቁ ጋር መጣ። ወንድሜ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ «ምነው ዝም አላችሁ?» አለ።

ወረታ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ቁስል አካሚው ድሬሰር ወጣት ነበር። እግሩን በመርፌ ጫፍ እየወጋጋው፣ ወንድሜ ዐይኑን እንደ ጨፈነ፣ «ጀመሩ ወይ?» ይለዋል።

«ቢቃጠልም ቢቆስልም እግሩ አይነግረውም» አለን ድሬሰሩ። «ከእንግዲህ በእናንተ ዐይን ነው የሚኖር። ቶሎ ቶሎ አገላብጡት። ተረከዙንና መቀመጫውን በየዕለቱ እዩለት።» ከዚያ፣ «ሲወድቅ እንዴት ነበር ያነሣችሁት?» ሲል ጠየቀ። አባቴ ነገሩት። ምንም ሳይል ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

ያ ዝምታ አባቴን ያዛቸው። እኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ ጀርባው የተጎዳ ሰው ተጋድሞ እንዳለ፣ ሳይታጠፍ፣ እንደ ግንድ በአንድነት እንደሚነሣ ተነገረን። የወንድሜ ህብለ ሰረሰር የተበጠሰው ሲወድቅ ይሁን ሲያቆሙት፣ ማንም ሊነግረን አልቻለም። አባቴ ግን በራሳቸው ላይ ፈርደው ጨርሰዋል። ሌላ ሰው እንዲያገላብጠው አይፈቅዱም ነበር። በክረምት የፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ሲተኛ እንኳ ከብቶቹን ወደ ከፍታ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ልጃቸው ከተኛበት መደብ አይርቁም። ወንድሜ ብዙ ዓመት የኖረው በዚህ ጥበቃቸው ነው።

አንድ ጠዋት አባቴ ተረከዙን ያጥባሉ፤ እኔ ውሃ አፈስስላቸዋለሁ።

«አባዬ፣ ፍል ውሃው እንደማይሰማኝ ያኔም አውቅ ነበር» አለ ወንድሜ።

«ታዲያ አፍ አልነበረህም?»

«ሲስቁ ሰማሁዎት። እንዴት ብዬ ልናገር?»

አባቴ ተረከዙን አድርቀው፣ ወደ ግድግዳው አዙረውት ጀርባውን ማየት ጀመሩ። ምንም ቁስል አልነበረም። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ እኔ አልመለሱም፤ እኔም ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዝሁ ቆምሁ።