ስም የተጻፈበት ድንኳን

ዛሬ ጠዋት አምቦ፣ የሚጥል በሽታ ሕሙማን ማኅበራችን ስብሰባ በር ላይ፣ የመድኃኒት ኩባንያ ስም የተጻፈበት ካናቴራ ታደለንና "ለብሳችሁ ግቡ" ተባልን።

ልለብሰው ስል አባቴ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ጊንጪ ውስጥ፣ ይህ በሽታ ያለብን ልጆች ወላጆች ትንሽ ዕድር ነበራቸው። ዳኛው አባቴ ኦቦ ቶሌራ ነበር።

አንድ ክረምት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አዲስ ድንኳን በስጦታ አመጣ። በጎኑ የመድኃኒት ቤቱ ስም በትልቁ ተጽፎበታል።

አባቴ፣ "እግዜር ይስጥልን። ግን ስሙን አጥፋልን፤ ስለ መድኃኒቱ ስንነጋገርም አብረኸን አትቀመጥም" አለው።

ሰውየው ድንኳኑን ጠቅልሎ ሄደ። እናቴ አባቴን ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። (የታረቀችውም ጃንጥላ ሲገዛላት ነው።)

በሚቀጥለው ስብሰባ ሾላው ሥር ዝናብ እያበሰበሰን ተቀመጥን። አንዲት እናት ተነሥታ፣ "ከእሱ ቤት የገዛሁት ኪኒን ልጄን ቀኑን ሙሉ እያፈዘዘብኝ ነው" አለች። ሌላዋ "የእኔንም" አለች።

ሦስተኛዋ እናቴ ነበረች። የምትናገረው ስለ እኔ ነበር።

ዛሬ ካናቴራውን አጥፌ መለስኩት። የኩባንያው ወጣት ሠራተኛ፣ "ልክዎ አይደለም እንዴ፣ እማማ?" አለኝ።

"ልኬ ነው፣ ልጄ። ግን ስለ መድኃኒታችሁ የምናገረው አለኝ፤ ይህን ለብሼ አፌ አይከፈትልኝም።"

እናንተስ፣ ስጦታ ተቀብላችሁ በይሉኝታ የዋጣችሁት ቃል የለም? እዚህ ጻፉልኝ። የታመመው ዝም ካለ ማን ይናገርለታል?