አጥንት ውስጥ የሚገባው ብረት

ወረቀቱን መካነ ሰላም ከምሠራበት ቢሮ አትሜ ያመጣሁት ቅዳሜ ነበር። ዐረብ አገር የሚሠራው ወንድሜ እዚያ ካለ ሆስፒታል ያስላከው ነው። አሥራ አንድ ገጽ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ከቤታችን እንግሊዝኛ የማነብ እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴ ወታደር ሳሉ ግራ እግራቸውን ከጉልበት በላይ አጥተዋል። ደሴ የተሠራላቸው የፕላስቲክ እግር በላብ ይንሸራተታል፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ቆዳቸውን ይልጠዋል። ሆስፒታሉ ሊገጥምላቸው የታሰበው አዲሱ እግር ግን ሌላ ነው። በቀዶ ሕክምና ብረት የጭን አጥንታቸው ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ ቆዳውን አልፎ ይወጣል፤ እግሩ የሚገጠመው እሱ ላይ ነው።

"እንደ ዶማ እጀታ ሊሰኩልኝ ነው በይኛ!" አሉ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነበር።

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ መደቡ ላይ አኖርኩትና ወንድሜ እየሰማ መጠይቁን በእርሳስ መሙላት ጀመርኩ። "ታካሚው ከእንስሳት ጋር ይኖራሉ?" ይላል። ከተቀመጥንበት አምስት እርምጃ ራቅ ብለው ጥጃዎቹ ታስረዋል።

"አይኖሩም በይ" አለ ወንድሜ።

"ኧረ እንዴት..."

"በይ አልኩሽ! ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለክርክር ነው?"

አይኖሩም ብዬ ጻፍኩ። በሬ አይጠምዱም፣ የቧንቧ ውሃ አላቸው ብዬም እሱ እንዳለኝ ጻፍኩ። የምንጠጣው ከምንጭ ነው።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን እጄ ቆመ። ብረቱ የሚወጣበት ቀዳዳ መቼም አይገጥምም፤ በየቀኑ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። ቆሻሻ ገብቶ አጥንቱ ካመረቀዘ ብረቱ ይነቀላል፤ ጭኑም ከፍ ተደርጎ እንደገና ሊቆረጥ ይችላል። ያን ጊዜ የድሮውን እግር ማሰርም ላይቻል ይችላል።

"ምን ይላል?" አሉ አባቴ።

"ስለ ንጽሕና ነው፣ አባባ።"

"እህ። የቱ ላይ ልፈርም?"

እናቴ የማኅተሙን ቀለም ከፈተችላቸው። አውራ ጣታቸውን ነክረው ወደ ወረቀቱ ሲያወርዱ እጃቸውን ያዝኩት። አባቴን እንዲያ ደፍሬ አላውቅም።

"ይቆዩኝ። ያላነበብኩልዎት አለ።"

"ተይ! አታስፈራሪያቸው!" ብሎ ጮኸ ወንድሜ። ሁሉንም፣ በእርሳስ የጻፍኩትን ውሸት ጭምር፣ ነገርኳቸው።

አባቴ ወደ ጥጃዎቹ ተመለከቱ። "የማይገጥም ቁስል ይዤ፣ እዚህ?" አሉ። ቀለም የነካ ጣታቸውን ከወረቀቱ አራቁ። "አጥፊውና እውነቱን ጻፊ። ከነጥጃዬ ከተቀበሉኝ እሰየው።"

አጥፍቼ ስጽፍ ወንድሜ ስልኩን ዘጋው። አባቴ ከዚያ በኋላ ፈረሙ።

መልሱ በወሩ መጣ። በዚህ አኗኗር ቀዶ ሕክምናውን ማድረግ አንችልም ይላል። ወንድሜ ወዲያው ደወለ።

"ደስ አለሽ? ስንት ደጅ የጠናሁበትን ነገር በላጲስ አጠፋሽው!"

አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

"እሷን ተዋት። ያስጻፍኳት እኔ ነኝ" ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወደ ማሳው ለመውረድ የፕላስቲኩን እግር ማሰር ጀመሩ። ጭናቸው ላይ የጠመጠሙት ጨርቅ ደም ነክቶታል። እንዳላየው ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉበት። አይቼው ነበር።