የእማማ ኡልካን እጆች

በሦስቱ መንደሮቻችን ብዙውን ሰው ሲወለድ መጀመሪያ የተቀበሉት የእማማ ኡልካን እጆች ናቸው። እርሳቸው ግን ሲመሰገኑ ይቆጡ ነበር። «የእኔ እጅ አይደለም፤ የእናታችን የኡማይ እጅ ነው» ይላሉ። ኡማይ ከጥንት ጀምሮ እናትንና ሕፃንን የምትጠብቅልን የሰማይ እናት ናት።

እማማ ኡልካን ሦስት ልጆቻቸውን በአንድ ክረምት በኩፍኝ ቀብረዋል። ሰው ማዋለድ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ፣ ቡሩል፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነርስ ሆኜ ናሪን ከተማ ወዳለው ክሊኒክ ስመጣ፣ አለቃዬ የሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ያልተማረ ሰው እንዳያዋልድ እርሳቸውን ማስቆም ነበር። «ከእንግዲህ አላዋልድም» የሚል ወረቀት ላስፈርም ወደ ተራራው ግጦሽ ወጣሁ።

ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ «ኡማይስ የምትፈርመው የት ላይ ነው?» አሉኝ። አጠገባቸው የፈረስ ወተት ይንጡ የነበሩ ሴቶች ሳቁብኝ።

ሳቁ ሳያባራ ከማዶው ድንኳን ጩኸት ተሰማ። ሳልታናት የምትባል የበግ አርቢ ሚስት ምጥ ይዟት ነበር። ስንደርስ የሕፃኑ ራስ ወጥቶ ትከሻው ተቀርቅሯል። እማማ ኡልካን እጃቸውን ዘረጉ፤ ያኔ ጣቶቻቸው በቁርጥማት መቆልመማቸውን አየሁ።

«ነይ፣ ያንቺን አምጪ» አሉኝ።

«ብቻዬን አዋልጄ አላውቅም እኮ!»

«ብቻሽን ነሽ ማን አለሽ? እናቲቱን በእጇና በጉልበቷ አንበርክኪያት። እንዲህ! አሁን ከኋላ በኩል ያለውን ክንድ ፈልጊ። ቀስ በይ፣ በግ አይደለም የምትጎትቺው!»

ክንዱን አገኘሁት። ትከሻው ሾልኮ ወጣ። ሕፃኗ ግን ጠቁራ ዝም አለች። እማማ አፏን ጠርገው እፍ አሉባት። ደገሙ። በሦስተኛው አለቀሰች፤ እናቷም፣ እኔም አብረን አለቀስን።

«ተነሺ፣ ንፍጥሽን ጥረጊ» አሉኝ እማማ ኡልካን። «ጎበዝ ነሽ።»

ከዚያ ወዲህ ማንም እንደዚያ አመስግኖኝ አያውቅም።

ወደ ከተማ ስመለስ አለቃዬ «ፊርማው የታለ?» አለኝ።

«አስተማሪዬን አላስፈርምም» አልኩት። ጠረጴዛውን ደበደበ፤ እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። በመኸር እማማ ኡልካንን ከግጦሹ አውርጄ ክሊኒኩ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እርሳቸውን ያዩ ነፍሰ ጡሮች ማንም ሳይጎትታቸው ይመጡ ጀመር። እርሳቸው በቃል፣ እኔ በእጄ ሠራን።

በዚያ የበረዶ ክረምት ከሦስቱ መንደሮች አንዲትም እናት አልሞተችብንም። በጸደይ ይህን ለአለቃዬ ሳስታውቅ ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም።