ሰባቱ እስኪሞላ

ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ የልጇን ደረት ገልጣ አሳየችኝ። ቀይ ሽፍታ ወርሶታል። "እሰይ! ውስጥ ከሚቀር ወጣለት" አለች ደስ ብሏት። እኔ ግን ጋቢዬን ደረብኩና "ተነሽ፣ ጤና ጣቢያ እንውሰደው" አልኳት። ምን እንዳስደነገጠኝ አላወቀችም፤ ታናሽ እህቴን ስንዱን አታውቃትማ።

ስንዱን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ያንገላታት ነበር። እኔ ሃያ ሁለት፣ እሷ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነን ሐኪም ክኒን አዘዘላትና "አንድ ቀን እንኳ እንዳታስቋርጣት" ብሎ አደራ አለኝ። ከቤታችን ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነበርኩና ክኒኑን የምሰጣት እኔ ሆንኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልወደቀችም። እናቴ "በጸበል እናጽናላት" ብላ፣ ከገነተ ማርያም ማዶ ወዳለ ጸበል ለሰባት ቀን ይዘናት ወረድን።

ጥቅምት ነበር፤ በየመንገዱ ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ስንቃችን በሶ ነው። ስንዱ በሶውን እያሸች "አንተስ ከጸበሉ ባሕታዊ ባስክ፣ ክኒን ክኒን ብቻ!" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አተኮሳት፤ ገላዋንም ሽፍታ ሞላው። ጸበልተኛው እልል አለ። በእኛ አገር ጸበል ገላ ላይ ሲያወጣ በሽታው ለቀቀ ማለት ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩት እኔም አብሬ እልል አልኩ። አጥማቂው አባ ብቻ ትኩር ብለው አዩዋትና "ልጄ፣ ሐኪሙ ቢያያት አይሻልም?" አሉኝ።

"ሰባቱ ይሙላ አባ፣ ጀምረን አንተውም" አልኳቸው።

ፊቷ አበጠ። ሽንቷም እያነሰ ነበር፤ ይህን ግን እኔን አፍራ ለእናቴ ብቻ ነው የነገረቻት። በአምስተኛው ቀን ክኒኑን ስሰጣት እጄን ገፋችው።

"ወንድምዓለም፣ ዛሬ ይቅርብኝ። ይሄ ነገር አልተስማማኝም።"

"መዳን አትፈልጊም?" ብዬ ተቆጣኋት። አንገቷን ደፍታ ዋጠችው።

ሰባቱ ሲሞላ በቃሬዛ አወጣናት። በጋሸና አድርገን ሆስፒታል ስንደርስ፣ ሐኪሙ ሰውነቷ ያንን ክኒን እንዳልተቀበለውና ኩላሊቷ ክፉኛ እንደተጎዳ ነገረኝ። "ሽፍታው እንደወጣ ብታመጧት ሌላ መድኃኒት እንቀይርላት ነበር" አለኝ። በአራተኛው ቀን አረፈች። እናቴ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ጤና ጣቢያ "ኩፍኝ ነው፤ በጊዜ መጣችሁ" ተባልን። ጎረቤቴ ስትመርቀኝ "አሜን" አልኩና ቤቴ ገባሁ። ሰው ሁሉ ለእህትህ ብለህ ነው እያለ ያጽናናኛል። እውነት ነው፣ ለእሷ ብዬ ነው። ሐኪሙን ሰማሁ፣ ጸበልተኛውን ሰማሁ፤ ታማሚዋ እህቴ ግን እየለመነችኝ አልሰማኋትም።