የጭላዳ ደም መላሽ

ላሊበላ ላይ ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ጭላዳ አያለሁ» ብዬ እገላገላለሁ። አስጎብኚዎቹ ይስቁብኛል። «እኛ በነጻ ስናየው የኖርነውን አንቺ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ ተማርሽው?» ይላሉ። ይሳቁ። የማጠናው ዝግመተ ለውጥ ነው፤ ማለትም አንድ ጠባይ በአንድ እንስሳ ላይ ለምን ሳይጠፋ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚሻገር። ይህን ስል ደግሞ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ልትይን ነው?» ብለው ይቆጡኛል። ኧረ ወዲያ! እኔ የያዝኩት ከዚያ የባሰ ነገር ነው። እኔ የማጠናው ግድያ ነው።

ጭላዳ የሚኖረው እንዲህ ነው። አንድ አውራ ወንድ ከጥቂት ሴቶችና ከግልገሎቻቸው ጋር ቤተሰብ ይመሠርታል። ሴት ያላገኙት ጎረምሶች፣ እኔ ወንደላጤዎች የምላቸው፣ ዳር ዳሩን እየዞሩ ያደባሉ። አንድ ቀን አንዱ ይገባና አውራውን ይገጥመዋል። ጥርሳቸው ካራ ነው፤ ፊት ይተረተራል፣ ጆሮ ይቀደዳል። ወንደላጤው ካሸነፈ አሮጌው ብዙ ጊዜ አይባረርም፤ ጎፈሬው እየሳሳ፣ የደረቱ ቅላት እየደበዘዘ፣ እዚያው ዳር ይቀመጣል። አዲሱ ግን የሚጠቡትን ግልገሎች መግደል ይጀምራል። የምታጠባ እናት ቶሎ አታረግዝም፤ እሱ ደግሞ ጊዜ የለውም፣ ነገ ሌላው መጥቶ ይጥለዋል። ስለዚህ የሌላውን ልጅ ገድሎ የራሱን ያስወልዳል። እንዲህ የሚያደርገው ብዙ ልጅ ትቶ ያልፋል፣ የማያደርገው ትንሽ ወይም ምንም። ጠባዩ የሚቀጥለው በዚህ ነው።

ይህን ለተማሪዎች ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ ወንድሜ እስኪገደል ድረስ።

ታላቅ ወንድሜን የገደለው የጎረቤት ቀበሌ ሰው ነው። ከብልባላ በላይ፣ ከማሳችን አጠገብ ባለ የግጦሽ መሬት ተጣሉ፤ ነገሩ በዱላ ተጀምሮ በጥይት አለቀ። ከጦርነቱ ወዲህ መሣሪያ የሌለበት ቤት የለም፤ ድሮ ሽማግሌ የሚገላግለው ጠብ አሁን ቃታ ላይ ነው የሚያልቀው። ገዳዩ ጫካ ገባ። ቀብሩ ላይ አክስቴ ደረቷን እየደቃች «በዚህ ቤት ወንድ የለም ወይ?» ብላ ጮኸች። ታናሽ ወንድሜ ሰማት። በማግስቱ የሟቹን ክላሽ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ከዚያ ወዲያ ሲበላም ሲተኛም ከጎኑ አይለየውም።

በእኛ አገር ገዳዩ ባይገኝ ወንድሙ፣ ወንድሙ ባይገኝ የአጎቱ ልጅ ይበቃል። ከዚያ እነሱ በተራቸው ከእኛ ይፈልጋሉ። ከእኛ ቤት የቀረው ወንድ ልጅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁት። ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ደጋግመው መጡ። አባቴ አሻፈረኝ አሉ። እኔም በውስጤ ደስ አለኝ። ያ ሰው እንዲሞት እፈልግ ነበር፤ ሲሞት ባየውም እወድ ነበር። ብቻ የሚገድለው ታናሼ አይሁን።

ገብስ ሲደርስ አባቴ ገደሉ አፋፍ ላይ ዳስ ሠርተው ማሳ ይጠብቃሉ። የማጠናቸው ጭላዳዎች የሚያድሩት እዚያው ገደል ላይ ስለሆነ አብሬያቸው እውል ነበር። እኔ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዤ፣ እሳቸው ወንጭፍ ይዘው። ቀድሞ «እነዚህ ሌቦች» ነበር የሚሏቸው። ልጃቸው ከሞተ በኋላ ግን ወንጭፉን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ዝም ብለው ያዩአቸው ጀመር።

በዚያው ሰሞን አንዱን ቤተሰብ አዲስ ወንድ ያዘው። ወዲያው አንድ ግልገል ከእናቱ እቅፍ መንጭቆ ጭንቅላቱን በጥርሱ ሰበረው። ጩኸቱ ዳሱ ድረስ ተሰማ። እናቲቱ ሬሳውን ተሸክማ ዋለች፤ በማግስቱም ተሸክማው መጣች። ሸተተ፣ ቆዳው ተላላጠ፣ እሷ አልጣለችውም። አሮጌው አውራ ዳር ተቀምጦ ያያል።

«አባትየው ያ ነው?» አሉኝ አባቴ።

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ታዲያ ቁጭ ብሎ ያያል?»

«ምን ያድርግ፣ አባዬ? አቅም የለውም።»

ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሜ ምሳ ይዞልን ወጣ። እንጀራውን ሳንቆርስ ያ ወንድ ሌላ ግልገል ያዘ፤ ሆዱን ዘረገፈው። አባቴ ብድግ አሉና ክላሹን ከወንድሜ ትከሻ ነጥቀው ተኮሱ። ጥይቱ ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ቆዳ ላይ ገባ። ወንዱ ተገለበጠ፣ ድንጋዩን በጥፍሩ ቧጠጠ፣ ከዚያ ወደ ገደሉ ወረደ።

«አባዬ! ምን ነካዎት? ምነው እንዲህ ጉድ ይሠሩኛል?» ብዬ ጮህኩ። መግደሉ ክልክል ነው፤ ስንት ዓመት የተከተልኩት ቤተሰብ ነው። በንዴት እንባዬ መጣ።

አባቴ በአፈሙዙ ወደ አሮጌው አውራ አመለከቱ። «ደሙን መለስኩለት» አሉ። «ገዳዩ ሞተ፤ በቃ፣ አሁን ሰላም ይሆናሉ።»

«እንዲህ ነው!» አለ ታናሼ። ፊቱ በርቶ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ደስ ሲለው አላየሁትም።

ሰላም! ዳር ዳሩን ለሚያደቡት ወንደላጤዎች ይህን ማን ነገራቸው? ቦታው ባዶ መሆኑን ሲያዩ በማግስቱ ጠዋት እርስ በርስ ተቦጫጨቁ፤ ያሸነፈው ፊቱን ደም እንደሸፈነው ሴቶቹ መሃል ገባ። የሚጠባ ግልገል የቀረው አንድ ነበር፣ ጸጉሩ ገና ጥቁር የሆነ ጨቅላ። አባቴም፣ እኔም፣ ወንድሜም አፋፉ ላይ ቆመን እናያለን። ይህን ጊዜ ግን አሮጌው አውራ ተነሣ። ሄዶ እናቲቱ ፊት ቆመ።

«አይዞህ! በለው!» አሉ አባቴ፣ ሰው እንደሚያደፋፍሩ።

ላንድ አፍታ ተቋቋመው። ወንደላጤው አፍንጫውን ነክሶ ጎተተው፣ ከንፈሩን ገነጠለው፣ እየገፋ አፋፉ ላይ አደረሰው። ሲወድቅ ድምፅ አላሰማም። ወንደላጤው ተመልሶ ጨቅላውን ገደለው። ያን ሁሉ ያየሁት በመነጽሩ ነው፤ ዓይኔን አላነሣሁም፣ ሥራዬ ነውና። መነጽሩን ሳወርድ ግን አስታወከኝ።

አባቴ እንደገና ክላሹን አነጣጥረዋል። ጣታቸው ቃታው ላይ ነው።

«ይሄንንም ብገድለው?» አሉኝ።

«ሌላው ይገባል።»

«እሱንስ ብገድለው?»

«ሌላው፣ አባዬ። ሌላው ነው የሚገባው።»

መሣሪያውን ዝቅ አደረጉና ዘወር ብለው ታናሽ ወንድሜን አዩት። ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሂጂና ሽማግሌዎቹን ጥሪልኝ» አሉኝ።

«እኛ ዝንጀሮ ነን እንዴ?» ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

«ዝም በል!» አሉት አባቴ።

ልጁ አልተሳሳተም። እንስሳ ያደረገው ለሰው ሕግ አይሆንም እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ። ነገሩም አንድ አይደለም። ጭላዳው እንኳ የሚገድለው ለሚወለድ ልጅ ነው፣ እኛ የምንገድለው ለሞተ ነው። ይህን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ግን እኔም ያንን ሰው ሞቶ ማየት እፈልግ ነበርና ምን ብዬ ልናገር? ወደ መንደር ወረድኩ።

እርቁ የተደረገው እሑድ ቀን ነው፣ በሁለቱ ቀበሌዎች ድንበር ላይ። ከገነተ ማርያም የመጡ ቄስ መስቀል ይዘው መሃል ቆሙ። በግ ታረደ። ገዳዩ በሽማግሌዎቹ ዋስትና ከጫካ ወጥቶ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና የበጉ ደም አጠገብ በግንባሩ ተደፋ። «ስለ ፈጣሪ ማሩኝ» አለ። በእርቅ ወግ የሟቹ ቤት ሰው ሁሉ በአፉ ካልማረ ደሙ አልደረቀም፤ ያልማረው ቢገድል የሚይዘው ቃል የለም።

«ምሬያለሁ» አሉ አባቴ።

ቄሱ ወደ ታናሼ ዞሩ። ክላሹ ትከሻው ላይ ነው፣ እጁ ማንገቻውን ጨብጧል። «እሷ ካለች እላለሁ» ብሎ ወደ እኔ አየ።

ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። ገዳዩ እግሬ ሥር ነው። ቀጭን ማጅራት ነበረው፣ ላብ ያጠመቀው፣ ድንጋዩ ቆዳውን ልጦታል። ጎንበስ ብዬ ያንኑ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቱ ላይ ላወርድበት እጄን በላኝ። አጥንቱ ሲሰበር መስማት አማረኝ።

«በይ ልጄ» አሉ ቄሱ።

የወንድሜን ዓይን አየሁ። እምቢ እንድል ይለምነኝ ነበር።

«ምሬሃለሁ» አልኩ።

ወንድሜም «ምሬያለሁ» አለና ክላሹን አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ የገዳዩ እናት እግሬ ላይ ወደቀች፣ ቄሱ መስቀሉን ወደ አፌ አስጠጉልኝ። ተሳለምኩ።

አልማርኩትም። ዛሬም ገበያ ላይ ሳየው ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ወንድሜ ግን አለ፤ ትናንት ገብስ ሲያጭድ ዋለ።