የገረሴዋ ማሰሮ

ወርቅነሽ የበደለችኝ ደርግ በወደቀ ማግስት፣ የአርባ ምንጭ የቴአትር ቡድናችን እንደገና በተሰባሰበበት ዓመት ነው። በድላኛለች፤ ይህን ዛሬም አልሰርዝላትም። እኔ ያደረግሁባትን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሐሜቴን፣ ከባሌ ጋር የተካረርኩትን ሁሉ ነግሬአለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እናንተ ፊቴን አታዩትምና ለእናንተ ልናገር።

ከዚያ በፊት በነበሩት ድራማዎች ሁሉ ሙሽራዋ እኔ ነበርኩ። ገበያ ስወጣ ልጆች "ሙሽራዋ ብርሃኔ!" እያሉ ይከተሉኝ ነበር። ከዚያ ስም ሌላ ምን ነበረኝ? በዚያ ዓመት አዘጋጃችን ጋሽ ዘለቀ አዲስ ድራማ ይዞ መጣ። ልጃቸው የወደዳትን ሊያገባ ሲል "ሰው ምን ይላል?" እያሉ ስለሚያስቀሩት ቤተሰብ ነው። ሙሽራዋን ለወርቅነሽ ሰጣት። ለእኔ የሙሽራውን እናት። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ እሱ ሳይመልስ እሷ ቀደመችው፦

"እትዬ ብርሃኔ፣ ቀሚሱ በዚህ ወገብ ላይ እንዴት ብሎ ይዘጋል?"

ቡድኑ ሳቀ። ጋሽ ዘለቀም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በደሉ ይህ ብቻ ነው ወይ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይህ ብቻ ነው። ለእኔ በቂ ነበር።

ለመድረኩ የሚሆን ማሰሮ ስላስፈለገን ሁለታችንን ደጋው ላይ ወዳለው ገረሴ ገበያ ላኩን። ወርቅነሽ አልሄድም ብላ ነበር፤ ጋሽ ዘለቀ ተቆጣት። ሸክላ ተራ ስንደርስ አንዲት ሴት ከማሰሮዎቿ መሐል ብድግ ብላ በልጅነት ስሟ ጠራቻት። ወርቅነሽ አንገቷን አዙራ አለፈች። ሴትዮዋ ደግማ ጠራቻት፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ማሰሮውን ከእሷ ገዛሁ። አውቄ ነው ከእሷ የገዛሁት።

ስንመለስ መኪና ላይ ወርቅነሽ አለቀሰች። "እናቴ ናት። የታደለ ቤተሰቦች ካወቁ ሠርጉ ይቀራል። ማርያምን በይልኝ፣ እትዬ።" ታደለ እጮኛዋ ነው፤ አስተማሪ። ማርያምን አልኩላት።

ሸክላ ሠሪ መሆን ያኔ በእኛ አገር ምን እንደነበር ለማያውቅ ልንገር። ከእነሱ ጋር አይጋቡም፣ በአንድ ገበታ አይቀርቡም፤ የሠሩትን ማሰሮ ግን ሁሉም ቤቱ ያስገባል። እኔ ይህን ወግ አላምንበትም ነበር። ባምንበት ኖሮ ድንቁርና ነው ብዬ በተጽናናሁ። ሳላምንበት ተጠቀምኩበት።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ከፊት ወንበር ላይ ታደለ ከእናቱ ጋር ተቀምጧል። እናቱ የወደፊት ምራታቸውን ሊያዩ መጥተዋል፤ ሰው እንዲያያቸው ቀና ብለው ነው የተቀመጡት። ወርቅነሽ በነጭ ቀሚሷ ገብታ ተንበረከከች፤ ጉልበቴን ሳመች። የተጻፈልኝ ቃል "የማን ልጅ ነሽ?" የሚል ነበር። እሱን አልኩ። እሷም የተጻፈላትን መለሰች። በዚህ ጊዜ ማሰሮውን ከፍ አደረግሁት።

"ታዲያ ይህን ማሰሮ ገረሴ ገበያ የሸጠችልኝ እናትሽ ማን ናት? ስትጠራሽ አልሰማሻትም?"

ቃል ጠፍቶኝ ነው? መድረክ አስቶኝ ነው? አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ቤቴ ውስጥ ስለማመደው ነበር።

ሰው መጀመሪያ የድራማው ክፍል መስሎት ሳቀ። ከኋላ አንዱ የገረሴ ሰው "ኧረ እውነቷን ነው! የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አይደለችም እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ሳቁ ቆመ። የታደለ እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ተነሡ። ሸክላ ሠሪ ጠልተው አልመሰለኝም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ስላያቸው ነው። ታደለ ተከትሏቸው ወጣ። በድራማው ሙሽራው ከእናቱና ከወዳጁ መሐል ሲቆም የሚናገረው ረጅም ንግግር ነበረው። ታደለ ምንም አላለም። ወርቅነሽ እንደተንበረከከች ቀረች። እጇ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ሠርጉ ቀረ። ጋሽ ዘለቀ ቤቴ ድረስ መጥቶ ምን አለኝ? "ሰው ስለ ድራማው ብቻ ነው የሚያወራው። ድገሙልን ብለዋል። ግን ሙሽራ የለንም።" ነፍሱን ይማር፤ ስለ ወርቅነሽ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። እኔስ ጠየቅሁ?

ስለ ስም የሚጨነቁ ሰዎችን በድራማ እያሳየን ሕዝቡን እናስተምራለን እንል ነበር። ወርቅነሽ እናቷን የካደችው ስለ ስሟ ነው። ታደለ ጥሏት የወጣው ስለ ስሙ ነው። እኔ ግን ማንም ሊቀማኝ ባልመጣ ስም፣ "ሙሽራዋ ብርሃኔ" በሚል የልጆች ጩኸት፣ የሰው ትዳር አፈረስኩ። ከሁላቸው ማን ይብሳል?

አሁን ወርቅነሽ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ ትኖራለች። ባል አግብታ፣ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታለች፤ ማንጎ ታለማለች አሉ። መኪና ጫኖ ሲደርስ ነጠላዬን እከናነባለሁ። አንድ ጊዜ በሰው "ሰላም በሉልኝ" ብላ ላከችብኝ። ሰላምታዋ ከስድብ በላይ አቃጠለኝ። እዚህም ላይ መብለጥ አለባት?

ይቅርታ ልለምን አይደለም የጻፍኩት። ይቅርታ አንድ ጊዜ ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር።

ከዚያ እሑድ በኋላ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ፣ የወርቅነሽ እናት ከገረሴ ወርዳ ደጃፌ ላይ ቆመች። እንደ ሸክላ ሠሪ ወግ የበሩን ደፍ አልረገጠችም። እጇ ላይ እርጥብ ሳር ይዛለች። በእኛ በጋሞ ሳር ይዞ የመጣን ሰው ማሳፈር ነውር ነው፤ ሽማግሌዎች በሳር የደም ጠብ ያበርዳሉ። ውጭ ተንበርክካ በጋሞኛ፣ "ልጄ ምን እንዳጠፋችብሽ አላውቅም፤ እባክሽ ይቅር በያት" አለችኝ። የተበደለችው እሷ፣ ለማኟም እሷ። ጎረቤቶቼ በአጥር ላይ ያያሉ።

"ተነሺ፤ ሰው ምን ይላል?" አልኳት።

ሳሩን ሳልቀበል በሩን ዘጋሁ። የወርቅነሽን የመድረክ ሙሽራ ቀሚስ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ወገቡን አሰፋሁት። እሑድ ለብሼው ሙሽራዋን ተጫወትኩ።