ከጋራዡ ግንብ ሥር የተቀበረ ቆጮ

ይቅር ባይ ሰው አይደለሁም። ለመኩራራት አይደለም የምለው፤ ከመነሻው እንድታውቁት ብዬ ነው።

ሰፈራችን ከዲላ ዋና መንገድ ወረድ ብሎ ቁልቁለት ላይ ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ስለሆኑ ዝናብ በመጣ ቁጥር የላይኛው ጎርፍ የታችኛው ቤት ይገባል። ከእኛ በላይ ጋራዥ ነበር። ባለቤቱ የጭነት መኪና ዘይት ሲቀይር አሮጌውን የሚደፋው ግንቡ ሥር ሲሆን፣ ከግንቡ ወዲህ ያለው ደግሞ የእናቴ ጓሮ ነው።

እናቴ ቆጮ ሻጭ ነበረች። እንሰቱን ራሷ ትፍቃለች፣ ጓሮ ባለው ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ጠቅልላ ትቀብረዋለች፣ ሲብላላ አውጥታ ገበያ ትወስዳለች። ከአንድ ከባድ ክረምት በኋላ ደንበኞቿ ቆጮውን እያሸተቱ ይመልሱላት ጀመር። ናፍታ ናፍታ ይላል አሏት። ጉድጓዱን ጠረገች፣ ቅጠሉን ቀየረች፣ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ነገሩ ከየት እንደመጣ ገባትና ሽማግሌ ይዛ ጋራዡ ሄደች።

ሰውየው ሽማግሌዎቹ ፊት ሳቀ። "ሴትዮዋ ላምባ ትቸረችራለች" አለ። "ላምባ የነካ እጇን ሳትታጠብ ነው ቆጮ የምትጨምቀው።"

እውነት ነው፣ ላምባ በጠርሙስ እንሸጥ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ የሚገዛው ከእኛ ነው፤ እሱም ጭምር። ሽማግሌዎቹ ግን አቀረቀሩ። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ዓመታት ከጎኗ የተቀመጡት ቆጮ ሻጮች ከእሷ ራቅ ብለው መቀመጥ ጀመሩ፤ ገዥ እንዳይሸሻቸው ነው መቼም። እናቴ አልተጣላችም። ገበያ መውጣቷን ብቻ ተወች። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ አድጌ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ ባየሁት ቁጥር ክሪኩ ቢንሸራተት ብዬ እመኝ ነበር።

በቅርቡ ጋራዡ ከተማ ዳር እንዲወጣና ቦታው ላይ መዋዕለ ሕፃናት እንዲሠራ ተወሰነ። ሕፃን አፈር ላይ ነው የሚውለው፣ መሬቱ አስቀድሞ ይመርመር ተባለ። ሰውየው ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። በገልባጭ መኪና ቀይ አፈር አስመጥቶ ግቢውን አለበሰው፣ ሣርም ተከለበት። ሊመረምሩ የመጡት ባለሙያዎች ግን በሣር የሚሸነገሉ ሰዎች አልነበሩም። ቀዩን አልፈው ወደ ታች ቆፈሩና እንደ ሬንጅ የጠቆረ አፈር አወጡ። ከእኛ ጓሮም ናሙና ወሰዱ። ናሙናው አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ደርሶ ውጤቱ እስኪመለስ ወራት እንደሚፈጅ ነገሩን። ሰውየው ቀድሞ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ እኔ ግቢ የዘይት ጠብታ ቢገኝ እንኳ ግንቡን አልተሻገረም፣ የሴትዮዋ ነገር የራሷ ጣጣ ነው እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል።

ወራት ለቆጮ ይበቃል። እናቴን እንሰት እንድትፍቅ ጨቀጨቅኳት። መጀመሪያ አሻፈረኝ ብላ ነበር፣ ያሰብኩትን ስነግራት ግን ቢላዋዋን ልትስል ተነሳች። የፋቀችውን ለሁለት ከፈልነው። ግማሹን ከግንቡ ሥር አሮጌው ጉድጓዳችን ውስጥ ቀበርነው። ግማሹን ደጋ የምትኖረው አክስቴ ወደ ቡሌ ይዛው ወጣችና እዚያ ጓሮዋ ቀበረችው። አንድ እንሰት፣ አንድ እጅ፣ ሁለት አፈር።

ውጤቱ የሚነበብበት ስብሰባ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ተጠራ። የሚበላውን እኔ አዘጋጃለሁ አልኩ፤ ማን ይጠረጥረኛል? ከእናቴ የራቁትን የገበያውን ቆጮ ሻጭ ሴቶችም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠራኋቸው። ከቡሌ የመጣውን ለሕዝቡ ጋገርኩ፣ የጓሯችንን ለሰውየው ብቻ። አንድ ጉርሻ አይገድለውም ብዬ አስቤያለሁ፤ ሆዱን ቢያመው ግን ደስታዬ ነበር።

እኛ ጋ ሳይጸለይበት ምግብ አይነካም፤ መጀመሪያ የሚቀምሰውም የጸለየው ሰው ነው። ጸሎቱን ለእሱ ሰጠሁት። ሰው ፊት መጸለይ ስለሚወድ ደስ አለው። ቆጮው በቅጠል እንደተጠቀለለ ፊቱ ተቀምጧል። ረዘም አድርጎ ጸለየ፤ ምድሪቱን ባርክ፣ ይህን ያዘጋጁትን እጆች ባርክ አለ። ከሁሉም አስበልጬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ቅጠሉን ሲገልጠው አጠገቡ የተቀመጡት ሁሉ አፍንጫቸውን ያዙ። እሱ አልያዘም፣ ዓይኑ ብቻ ፈጠጠ። እኔ ተነስቼ ነገሩን አስረዳሁ። የእናንተም የእሱም ቆጮ ከአንድ እንሰት በአንድ እጅ የተፋቀ ነው፣ የእናንተ ቡሌ ተቀበረ፣ የእሱ እዚህ ግንቡ ሥር፤ ጥፋቱ የእጅ ቢሆን ኖሮ ሁላችሁም ናፍታ በበላችሁ ነበር አልኩ። ሰውየው ቅጠሉን መልሶ ሊከድነው ሲል እናቴ ተነሳች። ዕድሜዋን ሙሉ እርስዎ ስትለው የኖረች ሴት ናት።

"ብላ" አለችው። "እጄን ባርከህልኛል። ብላ።"

ከቆጮው ቆርሳ ጉርሻ አድርጋ ወደ አፉ አስጠጋችለት። ጉርሻ እንቢ ማለት ነውር ነው፣ ያውም በጸለዩበት ምግብ። አንድ ሽማግሌ በቃ ተይው ሊላት ሞከረ፤ ዞር ብላም አላየችው። እኔ የመጣሁት ላሳፍረው ነበር፣ እሷ ግን ልታበላው ነው የመጣችው። ፊቷን አይቼ ፈራሁ። ሰውየው አፉን ወደ ጎን አዞረ።

"የእኔ ዘይት ነው" አለ። "እጅሽ አይደለም።"

እጇን አላወረደችም። "ጮክ በል። ሴቶቹ አልሰሙም።"

ጮክ ብሎ ደገመው። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎቹ ውጤቱን አነበቡ፤ የጋራዡም የእኛም አፈር ተቆፍሮ እንዲወጣ፣ ያም እስኪያልቅ መዋዕለ ሕፃናቱ እንዳይጀመር ተወሰነ። ሰው ሲበተን ቆጮ ሻጮቹ እያለቀሱ እናቴን አቀፏት፣ በገበያ ቀን ቦታሽን ይዘን እንጠብቅሻለን አሏት። እሷ ቆማ ታቀፈች እንጂ እጇን አላነሳችም።

ቤት ስንገባ ደስ ብሎኝ ሰሐኖቹን እያጠብኩ፣ አሁንስ በቃሽ አይደል አልኳት።

"እሱ ባዳ ነው" አለችኝ። "እነሱ ግን እጄን ያውቁት ነበር።"